የፒኤስ2 ጆይስቲኩ ለምን አይኮን መሰለ?

ሰላም ወንድሜ። ለሌሎቹም እንዲገባ ጥያቄህን ባጭሩ ልድገመው፦ የፕሌይስቴሽን 2ን ጥቁር ጆይስቲክ በኢለስትሬተር (በአዶቤ የሥዕል ፕሮግራም) ሠርተሃል፣ ቅርጹ ልክ ነው፣ ግራዲየንትም (ከቀለም ወደ ቀለም ቀስ እያለ የሚለወጥ ቅብ) አለበት፣ ግን ሲታይ እውነተኛ ዕቃ ሳይሆን አይኮን ይመስላል። ፎቶውን በኢሜጅ ትሬስ (ፎቶን በራሱ ወደ ቅርጽ በሚለውጠው መሣሪያ) ስትሞክረው ደግሞ የባሰ ተዝረከረከ።

ትሬሱን እርሳው። ፕሮግራሙ ጆይስቲክ መሆኑን አያውቅም፤ የሚያየው የቀለም እድፍ ብቻ ነው። ለእያንዳንዱ እድፍ የራሱን ሼፕ ይሰጥና ማስተካከል የማትችለው የነጥብ ክምር ያሸክምሃል። ፎቶውን ታች ባለ ሌየር ላይ አደብዝዘህ ቆልፈው፣ ከላዩ በፔን ቱል (ነጥብ እያስቀመጥክ መስመር በምትሠራበት መሣሪያ) ሂድ። ነጥብ የምታስቀምጠው ኩርባው ላይኛው፣ ታችኛው፣ ግራና ቀኝ ጫፉ ላይ ሲደርስ ነው። ነጥቡ ባነሰ ቁጥር ኩርባው ይጠራል።

ዋናው ጉዳይ ግን ጥቁሩ ነው። አካሉን በሙሉ ድፍን ጥቁር አድርገህ መሃሉ ላይ ክብ ግራጫ ግራዲየንት ጣል አድርገህበታል። ጥቁር ፕላስቲክ እንዲህ አይታይም፤ ዓይናችን የሚያነበው ያረፈበትን ብርሃን ነው። ስለዚህ የአካሉን መነሻ ቀለም በአርጂቢ (የቀይ፣ የአረንጓዴና የሰማያዊ መጠን፣ እያንዳንዱ ከ0 እስከ 255) 38፣ 38፣ 42 አካባቢ አድርገው፤ ጠቆር ያለ፣ ትንሽ ወደ ሰማያዊ ያዘነበለ ግራጫ ይሰጥሃል። ድፍኑን ጥቁር ብርሃን ለማይደርስባቸው ቦታዎች ቆጥበው፦ በቁልፉና በቀዳዳው መሃል ላለው ክፍተት፣ የላይኛውና የታችኛው ሽፋን ለሚጋጠሙበት መስመር፣ ለአናሎጉ (በአውራ ጣት ለሚንቀሳቀሰው እጀታ) ሥር።

ከዚያ ጆይስቲኩን በእጅህ ይዘህ መስኮት ዳር አገላብጠው። አካሉ ደብዛዛ፣ ትንሽ ሻከር ያለ ፕላስቲክ ነው፤ ቁልፎቹ ከእሱ ይለሰልሳሉ፤ የአናሎጎቹ አናት ላስቲክ ነው። የሚያርፍባቸው ብርሃን አንድ ሆኖ ሳለ ሻካራው ላይ ሰፍቶና ደክሞ፣ ዳር ዳሩ እየሟሟ ይታያል። ለስላሳው ላይ ጠቦና ደምቆ፣ ዳሩ ጥርት ብሎ ይወጣል። ላስቲኩ ላይ ደግሞ የለም ማለት ይቻላል። አንድ ግራዲየንት ለሦስቱም ኮፒ ስታደርግ ጆይስቲኩ በሙሉ ከአንድ ሳሙና የተቀረጸ ይመስላል።

አናሎጉን ለብቻው ልውሰድልህ፣ ምክንያቱም በጣም የተበላሸው እሱ ጋ ነው። የጉብታና የጉድጓድ ብርሃን ተቃራኒ ነው። ብርሃኑ ከላይ በግራ በኩል ከመጣ፣ የአናሎጉ ጉልላት የሚበራው ላይኛው ግራ ጎኑ ላይ ነው። ዙሪያው ያለው ጉድጓድ ውስጥ ግን ላይኛው ግራ ግድግዳ ይጨልምና ታችኛው ቀኝ ይበራል። አንተ ሁለቱንም ከአንድ ጎን ስላበራሃቸው አናሎጉ ከጉድጓዱ የወጣ ሳይሆን ላዩ ላይ የተለጠፈ መስሏል። የአቅጣጫ ቁልፎቹንም በዚሁ ዓይን እያቸው።

ቀጥሎ ጠርዝ። እንዲህ ዓይነት ፕላስቲክ እንደ ስለት የተሳለ ጠርዝ የለውም፤ በጣም በትንሹም ቢሆን የከበበ ስለሆነ ቀጭን የብርሃን መስመር ይይዛል። የእያንዳንዱን ቁልፍ ዙሪያ ኮፒ አድርገህ 0.5 ፖይንት ፈካ ያለ ስትሮክ (የጠርዝ መስመር) ስጠው፤ ግን ዙሪያውን እኩል አታዙረው፤ ብርሃኑን የሚያይበት ጋ ይድመቅ፣ ወደ ሁለቱ ጫፍ ይጥፋ። ከ2012ቱ ሲኤስ6 ወዲህ ኢለስትሬተር ስትሮክ ላይ ግራዲየንት ይቀበላል፤ ጫፎቹን በዊድዝ ቱል (በመስመር ውፍረት መቀየሪያው) አቅጥናቸው። በእኔ እይታ ዕቃውን ዕቃ የምታስመስለው ይህቺ ቀጭን መስመር ናት፤ ሰው ሁሉ የሚደክመው ግን ትልቁ ግራዲየንት ላይ ነው።

ግማሹን ሠርተህ ሌላውን ሪፍሌክት ማድረግህ (እንደ መስታወት መገልበጥህ) ጥሩ ነው፣ ጊዜ ይቆጥባል። መገልበጥ ያለበት ግን የውጪ መስመሩ ብቻ ነው። አንተ ሼዲንጉንም (የብርሃንና የጥላውን ቅብ) አብረህ ስለገለበጥከው ጆይስቲኩ ከሁለት ፀሐይ የሚበራ ሆኗል።

ፎቶውን በስልክ ከቅርብ እንዳነሳኸው እጀታዎቹ መወፈራቸው ያሳብቃል። አንድ ሜትር ተኩል ወይም ሁለት ሜትር ራቅ በልና በዙም አንሳ። ፍላሽ አጥፋ፣ በአንድ ጎን ነጭ ወረቀት አቁም፤ ወረቀቱ ጥቁሩ ላይ ንጹሕ የብርሃን ሰንበር ይጥልልሃል፣ ያንን ነው ቀጥታ የምትስለው። ሰፈር ፕሌይስቴሽን ቤት ሄደህ የምታነሳ ከሆነ ላስቲኩ ተላልጦ፣ አካሉም በእጅ ብዛት አብረቅርቆ ታገኘዋለህ። ያረጀ ጆይስቲክ ለመሳል ከሆነ ግሩም ነው (እኔ እንዲያውም እሱን እመርጣለሁ)፣ አዲስ ለመሳል ከሆነ ግን የብርሃኑን ነገር ያሳስትሃል።

ምልክቶቹ ቀላል ናቸው፦ አረንጓዴ ሦስት ማዕዘን፣ ቀይ ክብ፣ ሰማያዊ ኤክስ፣ ሮዝ አራት ማዕዘን። ቀለሞቹን ጥቂት አደብዝዛቸው፤ የምትጮህ አረንጓዴ የቀረውን ልፋት ታበላሻለች።

ጥላው ላይ መስመር መስመር እየሆነ ያስቸገረህ የአሠራርህ ጉዳይ አይደለም። በአርጂቢ ከ30 እስከ 45 ባለው ጥቁር መሃል ያሉት ደረጃዎች 16 ብቻ ናቸው፤ እነሱን ሰፊ ቦታ ላይ ስትዘረጋቸው ድንበራቸው ይታያል። ከላዩ በጣም ስስ ግሬይን (ደቃቅ ነጠብጣብ) ጣልበት፤ መስመሩንም ይደብቃል፣ የፕላስቲኩን ሻካራነትም ያመጣልሃል። ግሬይንም ሆነ ብለር (ማደብዘዣ) ኢለስትሬተር ውስጥ በፒክስል የሚሠሩ መሆናቸውን ግን አትርሳ፤ ለባነር የሚታተም ከሆነ የራስተር ኢፌክት ሴቲንጉን (በአንድ ኢንች ስንት ፒክስል እንደሚሆን የሚወስነውን) ከ72 ወደ 300 አውጣው፣ ወይም በብለር ፈንታ በሁለት ሼፕ መሃል ብሌንድ (አንዱን ወደ ሌላው ቀስ በቀስ የሚያሸጋግረውን) ተጠቀም። በኢንክስኬፕ (በነጻው የሥዕል ፕሮግራም) የምትሠሩ ልጆች ደግሞ ሜሽ ግራዲየንት (በመረብ ነጥቦች የሚቀባው) ብሮውዘር ላይ ስለማይታይ ለዌብ ከሆነ ተዉት፤ ብለሩ ግን ያለ ችግር ይከፈታል።

ገመዱን መጨረሻ ላይ ሥራው። አንድ ፓዝ (መስመር)፣ ወፍራም ጥቁር ግራጫ ስትሮክ፤ እሱኑ ኮፒ አድርገህ በጣም አቅጥነው፣ አፍካው፣ ትንሽ ወደ ብርሃኑ ጎን ግፋው። ከዚያ በላይ አትልፋበት።