ልብሽ ይናገር፣ ግን መጨረሻ ላይ

ጥያቄ፦ “በአካውንቲንግ ተመርቄ ዓመት ከምናምን ሥራ ስፈልግ ቆየሁ። አሁን ሁለት ቦታ በአንዴ አለፍኩ። አንዱ አዲስ አበባ ያለ የግል ባንክ ነው። ጠያቂዎቹ ፊታቸው እንኳ አልተፈታም ነበር። ሌላው ሐዋሳ ያለ የልብስ ፋብሪካ ነው። የፋይናንስ ኃላፊዋ ቡና አስመጥተውልኝ፣ ስለ ቤተሰቤ ጠይቀውኝ፣ እንደ ታላቅ እህት አጫወቱኝ። ደመወዙ ተቀራራቢ ነው። ልቤ ሐዋሳ ብሏል። መልስ የምሰጠው በዚህ ሳምንት ነው። ምን ይመክሩኛል?”

በመጀመሪያ እንኳን ደስ አለሽ! ከዚያ ሁሉ ጥበቃ በኋላ ሁለት ጥሪ በአንዴ ሲመጣ ደስ ይላል።

ልብሽን አትስሚው አልልሽም። ግን ደብዳቤሽን ደጋግሜ ሳነበው፣ ስለ ሥራው ምንም አላገኘሁበትም። ያለው የሰዎቹ ፊት ነው። ኃላፊዋ ቡና አስመጡልሽ፤ በዚያው ሥራውም ከተማውም ጥሩ መሰለሽ። ይሄ የሁላችንም ነገር ነው። ኤድዋርድ ቶርንዳይክ የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ተመራማሪ የጦር አለቆች የበታቾቻቸውን እንዴት እንደሚመዝኑ አይቶ፣ በ1920 እ.ኤ.አ. ያገኘውን አሳተመ። አለቃው በአቋሙ የወደደውን ሰው በብልህነቱም፣ በጠባዩም፣ በአመራሩም ከፍ አድርጎ ይመዝነው ነበር።

ላንቺ የሚሆነውን ትምህርት የማገኘው ግን ከዳንኤል ካህነማን ነው። ሰው ሲፈርድ የት የት እንደሚስት ከአሞስ ትቨርስኪ ጋር ያጠናው፣ በ2002 እ.ኤ.አ. በኢኮኖሚክስ የኖቤል ሽልማት ያገኘው ማለቴ ነው። በ1955 እ.ኤ.አ. ግን ገና የ21 ዓመት ልጅ፣ የእስራኤል ጦር መኮንን ነበር። ጦሩ ምልምሎችን በቃለ መጠይቅ ይመዝናል። ጠያቂዎቹ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ያወሩና ልጁ ወታደርነት ይዋጣለት አይዋጣለት ይገምታሉ። ሲጣራ ግምቱ ከሞላ ጎደል የማይረባ ሆኖ ተገኘ።

ካህነማን ስድስት ጠባዮች መረጠ። ኃላፊነት መሸከም አንዱ ነው፤ ከሰው መግባባት ሌላው። ለእያንዳንዱ ስላለፈው ኑሮ ተጨባጭ ጥያቄ አወጣ። ስንት ቦታ ሠራህ? ሰዓት ታከብር ነበር? ከጓደኞችህ ጋር በየስንት ጊዜው ትገናኛለህ? አንዱ ጠባይ ከ1 እስከ 5 ነጥብ ሳይሰጠው ወደ ቀጣዩ መሄድ የለም። ጠያቂዎቹ፣ አብዛኞቹ ወጣት ሴቶች፣ ሮቦት እያደረግከን ነው ብለው ተቆጡ። እሱም ለዘብ አለ። ስድስቱን እንዳልኳችሁ ሙሉ፤ ሲያልቅ ዓይናችሁን ጨፍኑና ልጁን ወታደር ሆኖ አስቡት፤ ከዚያ የራሳችሁን ነጥብ ስጡ አላቸው።

ከወራት በኋላ ሲታይ የስድስቱ ድምር ከድሮው ግምት በጣም የተሻለ ሆነ። ይሄን ጠብቆት ነበር። ያልጠበቀው፣ ዓይን ተጨፍኖ የተሰጠው ነጥብም የዚያኑ ያህል መሥራቱን ነው! ድሮ ከንቱ የነበረ ግምት፣ መረጃው ከተሰበሰበ በኋላ ሲመጣ ዋጋ አገኘ። የልብ ጥፋቱ መቸኮሉ ነው።

እናም ወረቀት አውጪ። ሁለቱንም መሥሪያ ቤቶች መስመር በመስመር መዝኚ። ዋናው መስመር የዕለት ሥራሽ ነው። ባንኩ “አካውንታንት” ብሎ ቀጥሮ መስኮት ላይ ገንዘብ ሲያስቆጥርሽ ሊውል ይችላል። ፋብሪካው ደግሞ የምርት ወጪ ስሌቱን፣ ግብሩን፣ የደመወዝ መክፈያውን፣ የመጋዘን ሒሳቡን ሁሉ ሊያስነካሽ ይችላል። ሊሆን ይችላል እንጂ ነው አላልኩም። ጠይቂ። ከዚያ ከቤት ኪራይና ከትራንስፖርት በኋላ እጅሽ ላይ የሚቀረውን አስቢ። የባንክ ሠራተኛ በአነስተኛ ወለድ ብድር የሚያገኝበት ዕድል አለ፤ እሱንም ደምሪበት። ቅጥሩ ቋሚ ነው ወይስ ኮንትራት? የሙከራ ጊዜው በጽሑፍ ሰፍሯል? በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከ60 የሥራ ቀን መብለጥ የለበትም። የቅርብ አለቃሽ ማን ነው? ቡና ያስመጡልሽ ሴትዮ ናቸው ወይስ እስካሁን ያላየሽው ሰው? ከቤተሰብ መራቁን አንቺ ታውቂዋለሽ።

የማታውቂው መስመር ላይ ነጥብ አትስጪ። ስልክ አንስተሽ ደውዪ። እዚያ የሚሠራ ሰው ፈልጊና ትናንት ከጠዋት እስከ ማታ ምን እንደሠራ ጠይቂው። “ሥራው እንዴት ነው?” ካልሽው “አሪፍ ነው” ብሎ ይሸኝሻል።

አንድ ነገር ግን እሰጋለሁ። ልብሽ ቀድሞ ስለመረጠ፣ እጅሽ ለሐዋሳ 5፣ ለባንኩ 2 እየጻፈ እንዳይሄድ። ስለዚህ የሰበሰብሽውን መረጃ ስም ሳትጠቅሺ “ሀ” እና “ለ” ብለሽ ለወንድምሽ ወይ ለምታምኚው ጓደኛ ስጪና እሱም ለብቻው ይመዝን። ነጥባችሁ የተራራቀበት መስመር ላይ ቁጭ ብላችሁ ተነጋገሩ።

ይሄ ሁሉ ሲያልቅ ዓይንሽን ጨፍነሽ ራስሽን ሁለቱም ቦታ ላይ እዪው። ያኔም ልብሽ ሐዋሳ ካለ ሂጂ። ለባንኩ ግን ዛሬ ነገ ሳትዪ ደውለሽ አሳውቂ፤ በተጠባባቂነት የተያዘ ሌላ ሥራ ፈላጊ ይኖራል።