የአንባቢያን ጥያቄዎች፦ የቨርጂኒያ የጥንት የመሬት መዝገብ ስለ ቤተሰብ ምን ይነግረናል?

ጥያቄ፦ የባለቤቴ የዘር ሐረግ ከቨርጂኒያ ይመዘዛል። በግዛቱ ቤተ መጻሕፍት ድረ ገጽ ላይ ፌብሩዋሪ 10 ቀን 1653 የተጻፈ የ300 ኤከር የመሬት ፓተንት (መንግሥት መሬት የሰጠበት ሰነድ) አገኘን። የቅድመ አያቱ ስም ከጽሑፉ ግርጌ ከሌሎች አምስት ስሞች ጋር ሰፍሯል። በዚያ ዓመት መጥቶ መሬት ተሰጠው ማለት ነው?

መልስ፦ መሬቱ የተሰጠው ስሙ ከላይ ለተጻፈው ሰው ነው። ከ1618 ጀምሮ በቨርጂኒያ ለአንድ ሰው የመርከብ ጉዞ የከፈለ ሰው 50 ኤከር የመጠየቅ መብት ነበረው። ስድስት ስም በ50 ሲባዛ 300 ይሆናል። ግርጌ ላይ ያሉት እንግዲህ መሬት ያገኙ ሳይሆኑ መሬት ያስገኙ ሰዎች ናቸው።

የመጣበት ዓመትም ከዚህ አይታወቅም። የመብቱ ወረቀት ይሸጥና ይለወጥ ስለነበር ሰውዬው ከገባ ከዓመታት በኋላ ሊቀርብ ይችላል። አንዱን ሰው የመርከቡ አዛዥም ገበሬውም በየፊናቸው ያስመዘገቡበት ጊዜ አለ። በማስታወሻዎ «እስከዚህ ቀን ድረስ ስሙ ለመሬት ቀርቧል» ብለው ይጻፉ፤ «በዚህ ዓመት ገባ» አይበሉ።

ቀኑንም ልብ ይበሉ። እስከ 1752 ድረስ ቨርጂኒያን ጨምሮ በእንግሊዝ ግዛቶች አዲስ ዓመት የሚገባው ማርች 25 ነበር፤ ስለዚህ የእርስዎ ፌብሩዋሪ 1653 በዛሬው አቆጣጠር 1654 ነው። በኖቬምበር 1653 ተገዝቶ በፌብሩዋሪ 1653 የተሸጠ መሬት ቢያጋጥምዎ የጸሐፊ ስሕተት አይምሰልዎ። ሁለት ዘመን አቆጣጠር ለለመድን ለእኛ ይህ ብዙም አያስቸግርም፤ «1653/54» ብሎ መመዝገብ ይበቃል።

ጥያቄ፦ የወሰኑ መግለጫ «ከነጭ ኦክ ዛፍ ተነስቶ ሰሜን 30 ምሥራቅ 120 ፖል» እያለ ይቀጥላል። ካርታ ላይ ማስቀመጥ ይቻላል? ደግሞ ከሽያጩ አንድ ቀን ቀደም ብሎ መሬቱን በ5 ሽልንግ ለአንድ ዓመት አከራየ የሚል ውል አለ።

መልስ፦ ይቻላል። አንድ ፖል 16.5 ጫማ ነው፤ 120 ፖል 1,980 ጫማ፣ ማለትም 603 ሜትር ገደማ ይሆናል። አንድ ሴንቲ ሜትርን ለ20 ፖል ይመድቡ። ከዛፏ ነጥብ ላይ ፕሮትራክተሩን (የማዕዘን መለኪያውን) ወደ ሰሜን አስተካክለው 30 ዲግሪ ወደ ምሥራቅ ያዙሩና 6 ሴንቲ ሜትር ያስምሩ። ቀጣዩን መስመር ካቆሙበት ይቀጥሉ። መጨረሻው ዛፏ ላይ መግጠም አለበት። ጥቂት ቢዛነፍ በኮረብታና በረግረግ የመለኪያ ሰንሰለት የጎተተ ቀያሽ ሥራ ነውና ይተዉት። በጣም ከራቀ ግን ድረ ገጹ ላይ የሚያዩት መዝገብ ግልባጭ መሆኑን ያስታውሱ፤ ገልባጩ አንድ መስመር ዘሎ ወይም ምሥራቁን ምዕራብ ብሎ ይሆናል። ስፋቱንም ያመሳክሩ፦ አንድ ኤከር 160 ካሬ ፖል ነው፤ ስለዚህ 100 በ80 ፖል የሆነ መሬት ልክ 50 ኤከር ይመጣል። ወሰኑ የወንዝ ዳር ተከትሎ የሚሄድ ከሆነ ያንን ጎን በቀጥታ መስመር አይዝጉት።

የዛሬ ካርታ ላይ ሲያስቀምጡት አቅጣጫው የኮምፓስ ሰሜን እንጂ የካርታው ሰሜን ስላልሆነ ጥቂት ዲግሪ ዘወር ማድረግ ይኖርብዎታል። ሥዕሉን እንዳለ ያዙሩት፤ መስመሮቹን አንድ በአንድ አይጠግኑ።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ ዋጋ ያለው ግን የአዋሳኞቹ ስም ነው። በአንድ ካውንቲ (የግዛቱ የአስተዳደር ወረዳ) ውስጥ ሁለት ሞክሼዎች ሲገኙ የሚለዩት በወንዛቸውና በአዋሳኞቻቸው ነው። አዋሳኝ ብዙ ጊዜ አማች ወይም ወንድም ሆኖ ይገኛል።

ስለ «ኪራዩ» አይጨነቁ። የዚያ ዘመን የሽያጭ ሥርዓት ነው፤ በመጀመሪያው ቀን ለስሙ ያህል ይከራያል፣ በማግስቱ ባለቤትነቱ ይለቀቃል። እውነተኛው ዋጋ ሁለተኛው ውል ላይ ነው። ከግርጌው ሚስት በመሬቱ ላይ ያላትን መብት መተዋ ተጽፎ ከሆነ ደግሞ ስሟን አገኙ ማለት ነው።

ጥያቄ፦ ላውደን ካውንቲ ብዬ ብፈልግ ከ1757 በፊት ምንም የለም።

መልስ፦ ላውደን የተቋቋመው በ1757 ነው። ከዚያ በፊት መሬቱ የፌርፋክስ፣ ከ1742 በፊት የፕሪንስ ዊሊያም፣ ከ1731 በፊት የስታፎርድ ነበር። መሬቱ ካለበት ሳይነቃነቅ መዝገቡ አራት ፍርድ ቤት ተበትኗል። በተጨማሪ በራፓሃኖክና በፖቶማክ ወንዞች መካከል ያለው አገር «ኖርዘርን ኔክ» የሚባል የግል ርስት ስለነበር መሬቱን የሚሰጠው የባለርስቱ ቢሮ ነው፤ በድረ ገጹ ላይም ለብቻው ተቀምጧል። የካውንቲውን ሳጥን ባዶ ትተው በስም ብቻ ይፈልጉ፤ ስሙንም እንደሚነገረው በሦስት አራት ዓይነት አጻጻፍ ይሞክሩ።

ጥያቄ፦ የእኛ ቅድመ አያቶች በባርነት የነበሩ ናቸው። የመሬት መዝገብ ይጠቅመናል?

መልስ፦ በጣም። የ1705 የቨርጂኒያ ሕግ በባርነት የተያዙ ሰዎችን እንደ መሬት የማይንቀሳቀስ ንብረት አድርጎ ስለደነገገ በካውንቲው የመሬት ውል መጻሕፍት ውስጥ ሲሸጡ፣ ለልጅ ሲሰጡ፣ በዕዳ ሲያዙ ስማቸው ይገኛል፤ አብዛኛውን ጊዜ ያለ አባት ስም። ማውጫው ላይ ግን የሚወጣው የባለቤቱ ስም ነው። እሱን ይዘው ከሽያጭ ውል ሌላ የስጦታና የመያዣ ውሎቹንም ገጽ በገጽ ያንብቡ።