የትሬይለር ጠርዝ ሲለቅ፦ ጥያቄና መልስ

ዴንቨር ውስጥ አንድ አሮጌ ትሬይለር (መኪና የሚጎትተው ተንቀሳቃሽ ቤት) አለን፤ በጋ ሲመጣ ልጆቹን ጭነን ተራራ የምንወጣበት። ስለ ጠርዙ ጥገና ጥያቄ ስለበዛብኝ ዛሬ ማታ ቁጭ ብዬ ልመልስ። ጠርዝ የምለው ግድግዳና ጣሪያው የሚገናኙበትን ጥግ የሚሸፍነውን ረጅም አልሙኒየም ነው። መሃሉ ላይ ቦይ አለው። ብሎኖቹ ያሉት እዚያ ውስጥ ነው፤ እነሱን ደግሞ የፕላስቲክ ጥብጣብ ይሸፍናቸዋል።

ጥያቄ (ከላስ ቬጋስ)፦ ጋሼ፣ ነጩ ጥብጣብ ተጨማዶ አጥሯል። ጫፉ በነፋስ ይውለበለባል። ጎትቼ ላድርሰው ወይስ ላጣብቀው?

መልስ፦ እህቴ፣ ሁለቱንም ተዪው። የቬጋስ ፀሐይ ጨርሶታል። ጥብጣቡ የተሠራበት ፕላስቲክ፣ ቪኒል፣ ሲያረጅ ይኮማተራል፤ አንዴ ካጠረ ደግሞ አይመለስም። አዲስ ግዢ፤ በጥቅል ይሸጣል፣ ውድ አይደለም። መጀመሪያ ግን የቦዩን ስፋት ለኪ። ሦስት አራተኛ ኢንችና አንድ ኢንች የሆኑት የተለመዱ ናቸው፣ በዓይን ግን ያሳስታሉ። ፀሐይ ላይ ዘርግተሽ አለስልሺውና በአውራ ጣት እየተጫንሽ አስገቢው። እንዳትጎትቺው! እኔ መጀመሪያ ጊዜ ወጥሬ አስገብቼው ኮራሁ፤ ብዙም ሳይቆይ አራት ጣት አጥሮ አገኘሁት። ጫፉ ላይ አንድ ኢንች ያህል ትርፍ ተዪለት። ጥብጣቡ ወጥቶ ሳለ የዛገ ብሎን ካየሽ በማይዝግ ቀይሪው።

ጥያቄ (ከሲያትል)፦ የጠርዙን ዙሪያ ሲሊኮን ቀባሁት። ዓመት ሳይሞላ እንደገና አፈሰሰ። ሌላ ልደርብበት?

መልስ፦ ኧረ በፍጹም! ሲሊኮን ላይ ምንም ነገር በደንብ አይጣበቅም፣ ሌላ ሲሊኮን እንኳ። ውሃውን የሚያቆመው ከላይ የምትቀባው አይደለም፤ ከአልሙኒየሙ ጀርባ ያለው ቡቲል ቴፕ ነው። እንደ ማስቲካ የሚለጠጥ ግራጫ ነገር ታያለህ። እሱ ሲደርቅና ሲሰነጠቅ ውሃ በብሎኖቹ ቀዳዳ ይገባል። ከላይ ብትደፍነው የገባው ውሃ መውጫ ያጣል።

ስለዚህ ጠርዙን ፍታው። አሮጌውን በፕላስቲክ መፋቂያ ፋቅ፣ የቀረውን በሚኒራል ስፒሪት (በቀለም ማቅጠኛ) ጥረግ። ብረት መፋቂያ ግድግዳውን ይቧጭረዋል። አዲሱን ቴፕ አልሙኒየሙ ጀርባ ላይ ለጥፈህ መልሰህ እሰረው፤ ብሎኖቹን በየተራ ቀስ እያልክ አጥብቅ። ቴፑ በጎንና ጎን ተጨምቆ ከወጣ ሠርቷል ማለት ነው። በማግስቱ አንዴ ደግመህ አጥብቀው፤ ቴፑ በሌሊት ይተኛል። ከዚያ የወጣውን ቆርጠህ በአልሙኒየሙ የላይኛው ዳር ላይ ለትሬይለር የተሠራ ማሸጊያ አድርግ። ጣሪያ ላይ የሚደረገው፣ ራሱ ፈስሶ የሚተኛው ዓይነት ለግድግዳ አይሆንም፤ እንደ ማር ወርዶ ያዋርድሃል።

ጥያቄ (ከዳላስ)፦ ብሎኑን ሳጠብቀው ዝም ብሎ ይዞራል።

መልስ፦ አውጣውና ቀዳዳውን በቀጭን ካቻቪቴ ውጋው። ብሎኑ የሚነክሰው የግድግዳው እንጨት ጠንካራ ከሆነ ቀዳዳው ብቻ ነው የሰፋው፤ በእንጨት ሙጫ የተነከረ ስቴኪኒ ሙላበት ወይም ትንሽ ረዘም ያለ ብሎን አስገባ። ካቻቪቴው ሰተት ብሎ ከገባ ግን እንጨቱ በስብሷል፤ ግድግዳው መከፈት አለበት። የእኔን ስከፍተው እንጨቱ እንደ ቡና አተላ እጄ ላይ ፈረሰ። ደረቅና ጤነኛ እንጨት እስክታገኝ ቁረጥ። እርጥቡ ላይ አትሸፍን።

ጥያቄ (ከሲልቨር ስፕሪንግ)፦ ያገለገለ ልገዛ ነው። ምን ልይ?

መልስ፦ ቁም ሳጥኖቹን ክፈትና የውስጥ ጥጎቹን በእጅህ ተጫን። ከለሰለሰ ወይም ከሸተተ ጥለኸው ሂድ። አንድ ጥግ ብቻ አዲስ ሲሊኮን ተቀብቶ ካየህ ጠርጥር፤ ሰውየው የሚያውቀው ነገር አለ።

ጥያቄ (ከዳላስ በድጋሚ)፦ ኢንሹራንስ ይከፍልልኛል?

መልስ፦ በእርጅናና በጥገና ጉድለት ለገባ ውሃ በአብዛኛው አይከፍሉም። ውልህን አንብበው።

ጥያቄ (ከሲያትል በድጋሚ)፦ ጠርዙን ብቻዬን ማውረድ እችላለሁ?

መልስ፦ ተው። ረጅም ነው፤ መሃሉ ላይ አንዴ ከታጠፈ አይቃናም። ሌላኛውን ጫፍ የሚይዝልህ ጓደኛ ጥራ። ቡናውን አንተ ታፈላለህ።