መልስ፦ ከመቶኛው በፊት ዜግነቱ ይወሰን

ወንድሜ፣ «ለነጻነት ሕዝበ ውሳኔ ከግማሽ በላይ ድምፅ ይበቃል ወይ?» ብለሃል። የእኛው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 39 አብላጫ ድምፅ ይበቃል ይላል፤ ከሰርቢያ የተለየችው የአውሮፓ አገር ሞንቴኔግሮ ግን እ.ኤ.አ. በ2006 በሕዝበ ውሳኔዋ 55 በመቶ ድምፅ ተጠይቃ ለጥቂት አለፈች።

እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። በሚያዝያ 1985 በኤርትራ ሕዝበ ውሳኔ እዚሁ አዲስ አበባ የሚኖሩ ኤርትራውያንም ድምፅ ሰጥተዋል። ኢትዮጵያዊ ዜግነታቸው ምን እንደሚሆን ግን በግልጽ አልተወሰነም ነበር። በ1990 የኢትዮጵያና የኤርትራ ጦርነት ሲነሳ ያ ድምፅ ማስረጃ ሆኖ ቀረበባቸው፤ ብዙዎች ከአገር ተባረሩ። ፒያሳ ያደግን ሰዎች እናስታውሳለን፤ አባት ተወስዶ እናት ከልጆቿ ጋር ቀረች፣ ሱቁም ታሸገ።

ስለዚህ የዜግነት፣ የንብረትና የጡረታ ጉዳይ ሁለቱም ወገኖች ፈርመውበት ከምርጫው ቀን በፊት ለመራጩ ይነገረው። ይህ ካልተደረገ 90 በመቶ ቢገኝም ፍትሐዊ ነው አልልም።