ሪንጉን ከመግዛትህ በፊት ለካ

ውድ ወንድሜ፣

ደብዳቤህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። በአካውንቲንግ ከተመረቅክ ዓመት አልፎሃል፤ ሥራ የለህም። አጎትህ የተዉልህን አሮጌ ሆንዳ ሲጂ 125 ሞተር ሳይክል ሞተሩን አውርደህ ቤት ውስጥ ፈታተኸዋል። እናትህ ተቆጥተዋል። አባትህ «ያስተማርንህ ቅባት እንድትነካ አይደለም» ብለውሃል፤ ማስተርስ ከጀመርክ እከፍላለሁ እያሉህ ነው። አንተ ደግሞ ተበድረህ ጋራዥ መክፈት አምሮሃል። እኔን ቁጭ አድርጋ ያስጻፈችኝ ግን መጨረሻ ላይ ጣል ያደረግካት ጥያቄ ነች፦ «ሞተሩ ቢነሳልኝ እንደ ሥራ ልምድ ይቆጠርልኛል?»

ሌላውን ቶሎ ልጨርስ። በ24 ዓመት ሙያ መጀመር አልረፈደም። ማስተርሱን፣ የመጀመሪያው ዲግሪ ለምን ሥራ እንዳላስገኘልህ ሳታውቅ አትጀምረው፤ የአባትህ ገንዘብም ገንዘብ ነው። ብድሩን እርሳው። የራሱን አንድ ሞተር ገና ያልገጠመ ሰው በወለድ ገንዘብ የሰው ሞተር አይፈታም። እናትህ ደግሞ ልክ ናቸው። ወጥ ቤት አጠገብ ዕቃ በቤንዚን አይታጠብም። የቤንዚን ትነት ከአየር ይከብዳል፤ ወለል ለወለል ሄዶ ምድጃ ያገኛል። ዛሬውኑ ወደ ውጭ አውጣው።

የአባትህን ነገር ግን ዝም ብዬ አላልፈውም። ዓመት ሙሉ አብልተውሃል። «መቼ ነው ሥራ የምትይዘው?» ብለው ቢጠይቁ መብታቸው ነው። የትኛው ሥራ እንደሚያሳፍር ግን እሳቸው አይወስኑልህም። የሚሳፈሩበት አውቶቡስ የሚሄደው የአንድ ሰው እጅ ቅባት ስለነካ ነው። ይህን በአክብሮት ንገራቸው፤ ግን ንገራቸው።

አሁን ወደ ጥያቄህ። ሞተሩ መነሳቱ ብቻውን አይቆጠርም።

«ዘይት ይበላል፣ ሰማያዊ ጭስ ያወጣል፣ ስለዚህ አዲስ ሪንግ ልገዛ ነው» ብለሃል። ሪንግ ማለት ሲሊንደሩ ውስጥ ወደ ላይና ወደ ታች በሚመላለሰው ፒስተን ዙሪያ የሚገባው፣ ዘይት እንዳያልፍ የሚዘጋው ቀለበት ነው። «ስለዚህ» የምትለዋ ቃል አሳስባኛለች። ጭሱ ጋዝ ለቀህ ቆይተህ እንደገና ስትሰጥ ቦግ የሚል ከነበረ፣ ችግሩ ከቫልቭ ጋይድ፣ ማለትም ቫልቩ ከሚመላለስበት ቱቦ ሊሆን ይችላል። ከሲሊንደሩ ቢሆንም እንኳ ሪንግ ብቻውን ላያድነው ይችላል።

እኔ ሥራ የጀመርኩት በአንድ ጋራዥ የመለዋወጫ መጋዘን ውስጥ ነው። ከዚያ ወደ ጥገናው ገባሁ። ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻዬን የሠራሁት ሞተር ልክ እንዳንተው ያጨስ ነበር። ሪንግ ቀየርኩ፣ ገጠምኩ፣ ተነሳ። ባለቤቱ ደስ ብሎት ሄደ። በሁለተኛው ሳምንት ተመልሶ መጣ፤ ጭሱ እንዳለ ነው። አለቃዬ አልጮኸብኝም። «ሲሊንደሩ ስንት ነበር?» ብቻ አለኝ። መልስ አልነበረኝም፤ አልለካሁትም። ያ ሰው ሁለት ጊዜ የተጉላላው በእኔ ምክንያት ነው። ዛሬም ይቆጨኛል።

ሲሊንደር እኩል አይበላም። ብዙ የሚበላው ወደ ላይ፣ የላይኛው ሪንግ ደርሶ በሚመለስበት አካባቢ ነው። እዚያ ሙቀቱና ግፊቱ ይበረታል፣ ዘይቱ ይሳሳል። ፒስተኑም ሲሠራ ግድግዳውን በአንድ አቅጣጫ ስለሚገፋ፣ ክብ የነበረው እያደር ሞላላ ይሆናል። አዲሱ ሪንግ ይህን ሞላላ አጥብቆ አይዘጋውም፤ ዘይቱ በጎን ያልፋል።

ስለዚህ በቦር ጌጅ (የሲሊንደር ውስጥ ስፋት መለኪያ) ከላይ፣ ከመሀል፣ ከታች ለካ። በየቦታው ሁለት ጊዜ፣ ሁለተኛውን 90 ዲግሪ አዙረህ። ስድስት ቁጥር ታገኛለህ። የአንተ ሞተር ከፋብሪካ ሲወጣ የሲሊንደሩ ስፋት 56.5 ሚሊሜትር፣ የፒስተኑ ምልልስ 49.5 ሚሊሜትር ነበር፤ 124 ሲሲ የሚመጣው ከዚህ ነው። ከዚያ በፊት ግን የፒስተኑን አናት ከካርቦኑ አጽዳና አስተውለህ እየው። አጎትህ ቀደም ሲል ሲሊንደሩን አስፍተውት ከሆነ፣ 0.25 ወይም 0.50 የሚል ቁጥር (ስንት ሚሊሜትር እንደሰፋ) ተመትቶበት ልታገኝ ትችላለህ። ያኔ የምትነሳው ከ56.5 አይደለም ማለት ነው።

ቁጥሮችህ ከማንዋሉ (ከሞተሩ የጥገና መመሪያ) ገደብ ካለፉ ሲሊንደሩ ይሰፋል። መጀመሪያ አንድ ደረጃ ከፍ ያለውን ፒስተን ከነሪንጉ ግዛና ይዘኸው ብረት ወደሚቀረጽበት ቶርኖ ቤት ሂድ፤ የሚሰፋው በእሱ ልክ ነው። በገደቡ ውስጥ ከሆኑ ደግሞ ሪንግ ትቀይራለህ፤ ግን አዲሱን ሪንግ ብቻውን ሲሊንደሩ ውስጥ አስገባና በፒስተኑ አናት ቀጥ አድርገህ ግፋው፣ የጫፎቹንም ክፍተት በፊለር ጌጅ (ክፍተት በሚለኩ ስስ ብረቶች) ለካ። ሆንዳ ይህን ሞተር እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ሲያወጣ ቫልቮቹን በካም ሰንሰለት ማንቀሳቀሱን ትቶ ፑሽሮድ የሚባል የብረት ዘንግ ያደረገለት፣ ጥገና እንደልብ በማይገኝበት ቦታ እንዲበረክት ብሎ ነው። ለመማሪያ የሚሆን ጥሩ ሞተር እጅህ ገብቷል።

ይህን ሁሉ ደብተር ላይ ጻፈው። ቀኑን፣ የለካኸውን፣ የማንዋሉን ገደብ፣ ምን እንደወሰንክና ለምን፣ ምን ያህል እንዳወጣህ። የተማርከው ሒሳብ አይደል? ለሥራ ስንፈትን «ሞተር ፈትቼ ገጥሜያለሁ» የሚል ብዙ ሰው ገጥሞኛል። ስንት እንደለካ ስጠይቀው ቁጥር የሚነግረኝ ግን በጣም ጥቂት ነው። ያንን ጥቂቱን ሰው ነው ሁሌ የምፈልገው።

ሲቪህ ላይ «የሥራ ልምድ» ብለህ አትጻፈው፤ አልተቀጠርክበትም። «የግል ፕሮጀክት» በለው፣ በሁለት መስመር ሲሊንደሩ ስንት እንደነበርና ምን እንዳደረግክ አስፍር። ከዚያ ሞተር ሳይክል የሚሸጡና የሚጠግኑ ቦታዎች ሄደህ የመለዋወጫ መጋዘን ሥራ ጠይቅ። ንብረት መቁጠር ታውቃለህ። የ0.25ና የ0.50 ፒስተን ልዩነት ምን እንደሆነም ታውቃለህ። ሁለቱን አንድ ላይ የያዘ ሰው በቀላሉ አይገኝም። ደመወዙ መጀመሪያ ላይ ትንሽ ሊሆን ይችላል፤ ተቀበለው። ጋራዥ መክፈት ከፈለግክ፣ የትኛው ዕቃ ቶሎ እንደሚያልቅና የትኛው መደርደሪያ ላይ አቧራ እንደሚጠጣ የምታየው እዚያ ነው።

ለአሁኑ ሪንጉን አትግዛ። ቦር ጌጅ ከሌለህ ቶርኖ ቤት ሲሊንደሩን ይዘህ ሂድ፤ ሲለኩ አጠገባቸው ቁምና ጻፍ። ከዚያ ቁጥሮቹን ላክልኝ፤ ስድስቱንም።