እጅ ሲደነዝዝ ጥፋቱ የደም ሥር ሊሆን ይችላል? የጥያቄዎቻችሁ መልስ

ስለ እጅ መደንዘዝ ጠይቁኝ ብያችሁ ብዙ ጥያቄ ደረሰኝ። ሥራዬ ፊዚዮቴራፒ ነው፤ የማየውም በአብዛኛው እጅ ነው። ዛሬ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋውን፣ ክንድ ውስጥ ነርቭ የሚጫን ደም ቅዳን የሚመለከቱትን መረጥኩ።

ጥያቄ፦ አልትራሳውንድ ተነስቼ «ሚዲያን ደም ቅዳ አለሽ» ተባልኩ። በሽታ ነው?

አይደለም እህቴ። ማህፀን ውስጥ ሳለን ሁላችንም ነበረን። እጃችንን የሚመግበው እሱ ነበር። በ8ኛው ሳምንት ገደማ ሬዲያልና አልናር የሚባሉት የክንድ ደም ቅዳዎች ሥራውን ሲረከቡት ይከስማል። አንዳንዱ ሰው ላይ ግን ይቀራል። በ2020 እ.ኤ.አ. የወጣ የአውስትራሊያ ጥናት እንዳለው፣ በ1880ዎቹ አጋማሽ ከተወለዱት 10 በመቶ ገደማ ነበራቸው፤ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ግን ቁጥሩ 30 በመቶ ገደማ ደርሷል። አብዛኛው ሰው እንዳለው እንኳ ሳያውቅ ይኖራል።

ጥያቄ፦ ታዲያ ነርቩን እንዴት ይጎዳዋል?

ደም ቅዳው ከሚዲያን ነርቭ (ለአውራ፣ ለሌባና ለመሃል ጣት ስሜት ከሚሰጠው ነርቭ) ጋር ጎን ለጎን ይወርዳል። አንዳንዴ ነርቩን ለሁለት ሰንጥቆ በመሃሉ ያልፋል። ቦታው ጠባብ ነው፤ ጡንቻ ሲጨመርበት ነርቩ ይጨነቃል። በክርን ውጭ በኩልም ሌላ ነርቭ አለ። ከሬዲያል የሚወጡ ትንንሽ ደም ሥሮች በላዩ እየተሻገሩ ሊጫኑት ይችላሉ። እዚያ ሲሆን ክንድ ላይ ያማል፣ ወይም ጣት ቀና ማድረግ ያቅታል።

ጥያቄ፦ ሊጥ ሳቦካና ልብስ ስጨምቅ ሦስት ጣቶቼ ይደነዝዛሉ። ካርፓል ተነል (አንጓ ላይ ነርቭ የሚጨነቅበት ችግር) ነው ተብዬ አንጓዬን ባስርም አልተሻለኝም። ማታ ግን ደህና እተኛለሁ።

እናቴ፣ ይህን በደንብ ስለጻፉልኝ አመሰግናለሁ። ካርፓል ተነል ብዙውን ጊዜ ሌሊት ከእንቅልፍ ያስነሳል፤ ሰው እጁን እያራገፈ ይቀመጣል። የእርስዎ የሚመጣው ክንድ ሲጠመዘዝ ነው። አሁን ከአውራ ጣት ሥር ያለውን መዳፍዎን ይንኩት። እሱም ደንዝዟል? ወደዚያ የሚሄደው ቅርንጫፍ የሚለየው አንጓው ጋ ሳይደርስ ነው። ስለዚህ ካርፓል ተነል መዳፉን አይነካውም። መዳፉም ከደነዘዘ ችግሩ ከፍ ብሎ ክንድ ላይ ሊሆን ይችላል። ሌላም ይሞክሩ። አውራ ጣትና ሌባ ጣትዎን ጫፍ ለጫፍ ገጥመው ክብ ይሥሩ። ጫፎቹ አልታጠፍ ብለው ክቡ ከተጨፈለቀ ሳይውሉ ሳያድሩ ሐኪም ጋ ይሂዱ። ሲሄዱም «ክንዴ እስከ ክርን በዶፕለር (የደም ፍሰት በሚያሳይ አልትራሳውንድ) ይታይልኝ» ይበሉ። አንጓው ብቻ ታይቶ የተመለሰ ሰው ብዙ አይቻለሁ፤ ያሳዝነኛል።

ጥያቄ፦ ወጌሻ ቢያሸኝስ?

እባክህ ወንድሜ፣ ምክንያቱ ሳይታወቅ አትታሽ። የተጨነቀ ነርቭ ላይ ጫና መጨመር ነው። ደም ቅዳው ውስጥ ደም ረግቶ ከሆነ ደግሞ የባሰ ነው። ድንገት ኃይለኛ ሕመም ከመጣ፣ ጣትህ ከነጣ ወይም ከቀዘቀዘ ቀጥታ ድንገተኛ ክፍል ሂድ።

ጥያቄ፦ ቀዶ ጥገና ካስፈለገ ደም ቅዳውን ይቆርጡታል?

ሁልጊዜ አይደለም። ብዙ ጊዜ ነርቩን የሚያጨናንቀውን ጅማት መክፈት ይበቃል። አንዳንድ ሰው ላይ ጣቶቹን በዋናነት የሚመግበው ይኸው ደም ቅዳ ነው። ስለዚህ ከመቁረጥ በፊት ያለ እሱ ደም እጅ ላይ በቂ ሆኖ መድረሱ ይረጋገጣል። ይህን ከቀዶ ጥገናው በፊት ሐኪምህን ጠይቀው።

ጥያቄ፦ ሁለቱም እጅ ላይ ይኖራል?

ሊኖር ይችላል፤ አንዱ ላይ ብቻም ይገኛል። ስትመረመሩ ሁለቱም ይታይላችሁ።