የፈረሱ ዋጋ ለማን ገባ?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። የምኖረው እንግሊዝ አገር፣ ሊድስ ነው። በቅርቡ ሙዚየም ውስጥ አንድ የድሮ መዝገብ አየሁ። ጋሪ ገጭቶት ስለሞተ ሰው ነው። መርማሪዎቹ «አደጋ ነው» ብለው ወስነዋል። ፈረሱና ጋሪው ግን ዋጋቸው ተገምቶ ተወረሱ ይላል። አደጋ ከሆነ ለምን ይወረሳሉ? ገንዘቡስ ለሟቹ ልጆች ደርሷቸዋል?

መልስ፦ ከሁለተኛው ጥያቄሽ ልጀምር፤ እኔንም የሚያንገበግበኝ እሱ ነው። አልደረሳቸውም። የገባው ለንጉሡ ነው።

ምርመራውን የሚመራው ሹም ኮሮነር ይባላል። ሹመቱ የተቋቋመው በ1194 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች ናቸው)፣ በቀዳማዊ ሪቻርድ ዘመን ነው። ትልቁ ሥራው ለዘውዱ የሚገባው ገቢ እንዳይቀር መጠበቅ ነበር። ሰው በድንገት ሲሞት ኮሮነሩ ይጠራል። መንደሩ እሱ ሳይመጣ ከቀበረ ይቀጣል። ከዚያ የአካባቢው ወንዶች ጁሪ ሆነው ይሰየማሉ፤ አስከሬኑን በዓይናቸው ያያሉ፣ ምስክር ይሰማሉ፣ አሟሟቱን ይወስናሉ።

የገደለው ዕቃ ወይም እንስሳ «ዲዮዳንድ» ይባላል፤ ለእግዚአብሔር የሚሰጥ ማለት ነው። ሐሳቡ ለነፍስ የሚሆን ምጽዋት ነበር። ሕጉ በጣም ዝርዝር ነው። ጋሪው እየሄደ ከገደለ ከነፈረሱ ይወረሳል። ቆሞ ሳለ ሰው መንኮራኩሩ ላይ ወጥቶ ወድቆ ቢሞት ግን የሚወረሰው መንኮራኩሩ ብቻ ነው። ጁሪዎቹ ለባለንብረቱ አዝነው ዋጋውን ዝቅ የሚያደርጉበት ጊዜም ነበር። አንዳንዴ ገንዘቡ በምሕረት ለሟቹ ሚስት ይሰጥ ነበር፤ መብቷ ግን አልነበረም። ይህ ነው የሚከብደኝ።

እንዲያም ሆኖ እነዚህን መዝገቦች እወዳቸዋለሁ። ሌላ ቦታ ስማቸው የማይገኝ ድሆች እዚያ አሉ። በ1569 አፕተን ዋረን በምትባል መንደር፣ ጄን ሻክስፒር የምትባል የሁለት ዓመት ተኩል ሕፃን የወፍጮ ኩሬ ውስጥ ሰጥማ ሞተች። በስሟ የተነሳ የታሪክ ሰዎች ከታላቁ ጸሐፌ ተውኔት ጋር ትዛመድ ይሆን ወይ ብለው ጠይቀዋል። እኔን የያዘኝ ግን ሌላ ነው። መዝገቡ ቢጫ አበባ ልትቀጥፍ ስትል እንደገባች ይናገራል። ይህን ያስጻፈ ሰው ሕፃኗን አይቷታል።

ዲዮዳንድን የጣለው ባቡር ነው። በ1841 በገና ዋዜማ፣ ሬዲንግ አጠገብ ሶኒንግ ላይ ዝናብ ያንሸራተተው አፈር ሐዲዱን ሞላው። ባቡሩ ገባበት። ሦስተኛ ማዕረግ ተሳፋሪዎች ክፍት ፉርጎ ላይ ነበሩ፤ ዘጠኝ ሰዎች ሞቱ። ጁሪው በሞተሩና በፉርጎዎቹ ላይ 1,000 ፓውንድ ዲዮዳንድ ፈረደ። የፈረስ ዋጋ የሚገመትበት ሕግ ድንገት በትልቅ ኩባንያ ላይ ዞረ። ኩባንያዎች ዝም ብለው የሚያዩት ነገር አልነበረም።

በ1846 ዲዮዳንድ ቀረ። በዚያው ዓመት የሟች ቤተሰብ ለሞቱ ጥፋተኛ የሆነውን ካሳ እንዲጠይቅ የሚፈቅድ ሕግ ወጣ። ጥፋት መኖሩን ግን ማስረዳት ነበረባቸው። መብቱም የሚስት፣ የባል፣ የወላጅና የልጅ ብቻ ነበር። እህትና ወንድም አልተካተቱም። ከጋብቻ ውጭ የተወለደ ልጅም ሕጉ አይመለከተውም ተብሎ በፍርድ ቤት ተወሰነበት።